ስም የሚያጠፋ ልጥፍ ወይም ያለፈቃድ የወጣ ምስል፦ ሪፖርት ከማድረግ በፊት ምን ይያዝ?

ዶሴ

«ስሜን የሚያጠፋ ነገር ተለጥፏል፣ ምን ላድርግ?» የሚል ጥያቄ በዚህ የውይይት ገጽ ላይ በየጊዜው ይነሳል። ቀድሞ የሚመጣው ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሪፖርት አድርጉት፤ ጓደኞቻችሁም ያድርጉት።» ምክሩ በቅን ልቦና የሚሰጥ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል። ሪፖርቱ ሰምሮ ልጥፉ ሲነሳ ማን፣ መቼ፣ በምን ቃል እንደጻፈው የሚያሳየው ማስረጃም አብሮ ይነሳል። ማኅበራዊ ሚዲያውን በሚያስተዳድረው ድርጅት ዘንድ ቅጂ ለጊዜው ቢቀር እንኳ ተበዳዩ ጠይቆ የሚሰጠው አይደለም፤ የሚወጣው በፖሊስ ወይም በፍርድ ቤት በኩል ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ጉዳዩን የሚያጸናው ወይም የሚያፈርሰው የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው።

መጀመሪያ ሊንኩ። የአካውንቱን ሳይሆን የልጥፉን የራሱን ሊንክ ያዙ። በአብዛኞቹ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ከለጣፊው ስም አጠገብ ያለውን ሰዓት ወይም ቀን ስትጫኑ ልጥፉ ለብቻው ይከፈታል፤ የዚያን ገጽ አድራሻ ቅዱ። ኮሜንትም እንደዚሁ። የአካውንት ስም በአንድ ደቂቃ ይቀየራል፤ ከስሙ ጀርባ ያለው የመለያ ቁጥር ግን አካውንቱ እስካለ ድረስ ይቆያል። ስሙን ብቻ የያዘ ሰው ከሳምንት በኋላ «እንዲህ የሚባል አካውንት የለም» ይባላል።

ከዚያ ስክሪንሹት። ከስልክ መተግበሪያ ላይ የሚነሳ ስክሪንሹት የገጹን አድራሻ አያሳይም። ስለዚህ በኮምፒውተር ብራውዘር ክፈቱትና የአድራሻው መስመር፣ የለጣፊው ስም፣ ሙሉ ጽሑፉና የኮምፒውተሩ ሰዓት በአንድ ምስል ይግቡ። «ከ3 ሰዓት በፊት» የሚለው ጽሑፍ ነገ ምንም አይነግርም፤ ብዙ ቦታ ጠቋሚውን ስታሳርፉበት ትክክለኛው ቀንና ሰዓት ብቅ ይላልና ያኔ አንሱት። ልጥፉ ረጅም ከሆነ በተከታታይ አንሱ፤ የአንዱ ምስል የመጨረሻ መስመር በሚቀጥለው መጀመሪያ ላይ ይደገም፣ መሀል ላይ የተዘለለ ነገር አለ እንዳይባል። ቀጥሎ ከፕሮፋይሉ ተነስቶ ወደ ልጥፉ፣ ከልጥፉ ወደ ኮሜንቶቹ የሚወርድ የስክሪን ቪዲዮ ቅዱ። ገጹንም በፒዲኤፍ አስቀምጡ። በምስሎቹ ላይ ቀይ ክብ አትሳሉ፣ አትቁረጡ፣ ስም አትሸፍኑ። ማብራራት ካስፈለገ ቅጂው ላይ ነው፤ ዋናው እንደተነሳ ይቀመጥ።

በመጨረሻ መዝገብ። ተራ የጽሑፍ ፋይል ይበቃል፤ የፋይሉ ስም፣ ሊንኩ፣ የተነሳበት ቀንና ሰዓት፣ በየትኛው መሣሪያ፣ ማን እንዳነሳው። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው የሪፖርት ቁልፍ የሚነካው።

ሃሽ64

ዶሴ ያልከው ሁሉ ልክ ነው፤ አንድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ግን ቀርቶበታል። ምስሉ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ወሲባዊ ምስል ከሆነ ስክሪንሹት አይነሳም፣ አይቀመጥም፣ «ለማስረጃ» ተብሎም ለማንም አይላክም። በብዙ አገሮች ይዞ መገኘቱ ራሱ ወንጀል ነው፤ የያዘው ሰው በጎ ሐሳብ ሁልጊዜ አያድነውም። እዚህ ላይ የሚያዘው ሊንኩ፣ የአካውንቱ መለያና ሰዓቱ ብቻ ነው፤ እነሱን ይዞ በቀጥታ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ አገሩ የሕፃናት ጥበቃ የጥቆማ መስመር።

አሁን ወደ ስክሪንሹቱ ደካማ ጎን። ማንኛውም ብራውዘር ውስጥ ያለውን የገንቢዎች መሣሪያ ከፍቶ በገጹ ላይ ያለን ዓረፍተ ነገር መለወጥ የሰከንዶች ሥራ ነው። «አልሰረቀም» ከሚለው ላይ «አል»ንና «ም»ን አጥፍቶ «ሰረቀ» ማድረግ፣ ከዚያ ስክሪንሹት ማንሳት። በምስሉ ላይ ምንም የተነካ ነገር አይታይም፤ ሰርቨሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን አልተለወጠም። የተከሳሽ ጠበቃ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ምስል ለብቻው ቆሞ ብዙ አይራመድም፤ የሚያቆመው አጠገቡ ያለው ነው፦ ተንቀሳቃሹ ቪዲዮ፣ ሊንኩ፣ ያንኑ ልጥፍ በራሱ አካውንት ከፍቶ ያየ ሁለተኛ ሰው፣ መጀመሪያ የተነሳበት መሣሪያ።

ፋይሎቹን ካስቀመጣችሁ በኋላ በዚያው ቀን የእያንዳንዱን ሻ-256 (SHA-256) ሃሽ፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ እንደ ጣት አሻራ ያለ መለያ፣ አውጡ። በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ከሲስተሙ ጋር የሚመጣ ትእዛዝ አለው። የሚወጣው 64 ፊደልና ቁጥር ነው። ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ውጤቱ ከላይ እስከ ታች ሌላ ይሆናል። ሃሹ የሚያረጋግጠው ፋይሉ ከዚያች ቀን ወዲህ አለመነካቱን ነው፤ ከዚያ በፊት እውነት መሆኑን አይደለም። ይህን የሚያደባልቁ ብዙ ናቸው። ደግሞ ሃሹን በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ማስቀመጥ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ለጠበቃችሁ ወይም ለምታምኑት ሰው በኢሜይል ላኩት፣ ቀኑ ከእናንተ ውጭ ባለ ሰርቨር ላይ ይመዝገብ።

ሰው አዘውትሮ የሚሳሳትበት ሌላው ነገር ማስረጃውን በመልእክት መላላኪያ መተግበሪያ ማስተላለፍ ነው። እነዚህ መተግበሪያዎች ፎቶን በፎቶነቱ ሲልኩ ይጨምቁታል፣ መቼና በምን ካሜራ እንደተነሳ የሚናገረውንም መረጃ ይገፉታል። የደረሰው ፋይል በዓይን አንድ ቢመስልም ሃሹ ሌላ ነው። መላክ ካለበት በፋይል መልክ ወይም በዚፕ ታሽጎ ይላክ።

ጠያቂ_12

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ልጥፉ በዝግ ግሩፕ ውስጥ ከሆነ፣ ወይም መልእክቱ አንዴ ታይቶ የሚጠፋ ከሆነ እንዴት ይያዛል? ደግሞስ ለጣፊው ሌላ አገር፣ ሰርቨሩ ሦስተኛ አገር ሲሆን የትኛው ፍርድ ቤት ነው የሚያየው?

ሃሽ64

ለመጀመሪያው፦ አንዴ ታይቶ የሚጠፋውን መተግበሪያው ስክሪንሹት ሊከለክልበት ይችላል፤ ስናፕቻትን የመሰሉት ደግሞ ስክሪንሹት መነሳቱን ለላኪው ይነግራሉ። ከመክፈታችሁ በፊት ሁለተኛ ስልክ አዘጋጁና ስልኩን ከነእጁ፣ ከነላኪው ስም በቪዲዮ ቅረጹ። በዝግ ግሩፕ ከሆነ የተጋበዘ አባል ያየውን ይያዝ፤ የሌላ ሰው የይለፍ ቃል ተጠቅሞ ወይም በሐሰት ስም ሰብሮ መግባት ግን ተበዳዩን ራሱን ተከሳሽ ሊያደርግ ይችላል። ንግግሩን ከመተግበሪያው ኤክስፖርት ማድረግ የሚቻል ከሆነ አድርጉ፤ ስልኩን ግን አትሽጡ፣ ሪሴት አታድርጉ፣ መተግበሪያውንም አታጥፉ።

ችሎት

ለሁለተኛው እኔ ልመልስ። የሳይበር ዓለም ድንበር የለውም የሚባለው በፍርድ ቤት በር ላይ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2000 የፓሪስ ፍርድ ቤት ያሁ በጨረታ ገጹ ላይ የሚሸጡትን የናዚ ቅርሶች ፈረንሳይ ያሉ ተጠቃሚዎች እንዳያዩ እንዲያደርግ አዘዘ፤ ሰርቨሩ አሜሪካ ነው የሚለው መከራከሪያ አላዳነውም። በ2002 ደግሞ የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የአሜሪካው አሳታሚ ዳው ጆንስ በኢንተርኔት ባወጣው ጽሑፍ በስም ማጥፋት በተከሰሰበት ጉዳይ ላይ ጽሑፉ «ታተመ» የሚባለው ሰርቨሩ ባለበት ኒው ጀርሲ ሳይሆን አንባቢው አውርዶ ባነበበበት በቪክቶሪያ ነው አለ። ከሳሹ የሜልበርን ነጋዴ ነበርና ስሙ የሚታወቅበት ቦታ ላይ መክሰስ ቻለ።

እንግዲህ ብዙ ፍርድ ቤቶች የሚያዩት ጉዳቱ የደረሰበትን ቦታ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ተበዳዩ በሚኖርበት አገር ልጥፉ መነበቡን ማሳየት አለበት፦ ኮሜንት የጻፉ የአካባቢው ሰዎች፣ ሊንኩ የተላከላቸው የሥራ ባልደረቦች፣ ልጥፉ የተጻፈበት ቋንቋ። እነዚህን ኮሜንቶች ሳይዙ ልጥፉን ብቻ የያዙ ሰዎች እዚህ ላይ ይሰናከላሉ።

ግን ፍርድ ማግኘትና ማስፈጸም የተለያዩ ናቸው። ለጣፊው ሐሰተኛ ስም ከተጠቀመ ከድርጅቱ የምዝገባና የመግቢያ መረጃ ያስፈልጋል። ድርጅቱ ውጭ አገር ከሆነ ጥያቄው በመንግሥታት የሕግ ትብብር በኩል ይሄዳል፤ ያ ወራትን ይወስዳል፣ አንዳንዴም ከዓመት ይዘልቃል። ሎጉ (ማን መቼ እንደገባ የሚይዘው የሰርቨሩ መዝገብ) ግን አይጠብቅም፣ በጊዜው ይሰረዛል። ለዚህ ነው የማቆያ ጥያቄ የሚባለው ነገር የተፈጠረው። እ.ኤ.አ. በ2001 ቡዳፔስት ላይ ለፊርማ ተከፍቶ በ2004 ሥራ ላይ የዋለው የሳይበር ወንጀል ስምምነት 16ኛው አንቀጽ ባለሥልጣናት አንድ መረጃ እስከ 90 ቀን ሳይነካ እንዲቆይ ማዘዝ እንዲችሉ አባል አገሮችን ያስገድዳል፤ ጊዜው ይታደሳል። 35ኛው አንቀጽ ደግሞ ቀን ከሌት የሚሠራ የመገናኛ ቢሮ እንዲኖራቸው። አፍሪካ ውስጥ የማላቦው ስምምነት የሚባለው የአፍሪካ ኅብረት የሳይበር ደኅንነት ስምምነት በ2014 ጸድቆ በሥራ ላይ የዋለው በሰኔ 2023 ነው።

ተበዳዩ በራሱ የማቆያ ትእዛዝ አይሰጥም። ማድረግ የሚችለው አቤቱታውን ሲያስገባ መርማሪውን በጽሑፍ «እባክዎ ለድርጅቱ የማቆያ ጥያቄ ዛሬ ይላክልኝ» ብሎ መጠየቅ፣ አጠገቡም ሊንኩንና የመለያ ቁጥሩን ማስቀመጥ ነው። ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጽፉ የቀሩ ብዙ አቤቱታዎች ትእዛዙ ሲደርስ ባዶ ሰርቨር ይጠብቃቸዋል።

ሰርቨር_ክፍል

ችሎት ያነሱት ላይ ከቴክኒኩ ወገን ልጨምር። ድርጅቱ በስተመጨረሻ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ የአይፒ አድራሻ ነው፤ ሰዎች አይፒ ማለት የአንድ ሰው ቤት ቁጥር ይመስላቸዋል። በሞባይል ኢንተርኔት ላይ እንደዚያ አይደለም። የአራተኛው ስሪት አይፒ (IPv4) አድራሻዎች ስላለቁ አገልግሎት ሰጪዎች አንድን የወጪ አድራሻ ለብዙ፣ አንዳንዴ ለመቶዎች ደንበኞች በአንድ ጊዜ ያጋራሉ። ከነዚያ መካከል አንዱን ለመለየት ሦስት ነገር አብሮ ያስፈልጋል፦ አድራሻው፣ የምንጩ ፖርት ቁጥር (በአንድ አድራሻ ውስጥ ያሉትን ግንኙነቶች የሚለየው ቁጥር)፣ እና ሰዓቱ እስከ ሰከንድ ድረስ። ሰርቨሮች የምንጭ ፖርትን እንዲመዘግቡ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ምክረ ሐሳብ አለ፤ ብዙዎች ግን ዛሬም አይመዘግቡም።

ሰዓቱ ደግሞ የብዙ ስሕተት ምንጭ ነው። የድርጅቶች ሎግ አብዛኛውን ጊዜ በዩቲሲ (UTC፣ ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው፤ ስክሪንሹቱ ላይ ያለው ግን የተመልካቹ የአካባቢ ሰዓት ነው። ማንም ሳያስተካክል ሁለቱን ካነጻጸረ የሦስት ሰዓት ልዩነት ሌላ ሰው በር ላይ ያደርሳል። ሰዓት ስትጽፉ «14፡05፡32፣ ዩቲሲ ሲደመር 3» ብላችሁ ጻፉ። የኮምፒውተራችሁም ሰዓት በራሱ ከኢንተርኔት የሚስተካከል መሆኑን አስቀድማችሁ እዩ።

ማንሻ

እኔ ስለ ማስነሳቱ እናገራለሁ፣ በተለይ ያለፈቃድ ስለወጡ የግል ምስሎች። እዚህ ላይ ጊዜ ከሁሉም ይከብዳል፤ ምስሉን የያዘው ሰው ገና እያስፈራራ ሳለም ሊሠራ የሚችል ነገር አለ።

ስቶፕ-ኤንሲአይአይ የሚባለው አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ አለ፤ የሚያስተዳድረው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ዕድሜው 18 የሞላ ተበዳይ ምስሉን በራሱ ስልክ ላይ ይመርጣል፤ ሃሹ እዚያው ስልኩ ላይ ይሠራል፤ ወደ ድርጅቶቹ የሚሄደው ሃሹ እንጂ ምስሉ አይደለም። ከአገልግሎቱ ጋር የሚተባበሩት መድረኮች ተመሳሳዩ ሲጫን ያግዱታል። ከ18 ዓመት በታች ሳለ ለተነሳ ምስል የአሜሪካው የጠፉና የተበዘበዙ ሕፃናት ማዕከል ተመሳሳይ አገልግሎት አለው።

ይህ ሃሽ ከላይ ሃሽ64 ካለው ጋር አይምታታባችሁ። ሻ-256 አንድ ነጥብ ሲለወጥ ሁሉ ይለወጣል፤ ለማስረጃ ጥሩ ነው፣ ለፍለጋ አይሆንም፣ ምስሉ እንደገና ሲጨመቅ አይገናኝምና። ለፎቶ ፍለጋ የሚያገለግለው የምስሉን መልክ የሚለካ ነው፤ መጠኑ ቢቀንስ ወይም ጥራቱ ቢወርድ ይለየዋል። በብዛት ከተቆረጠ ወይም ከተገለበጠ ግን ያመልጠዋል። ስለዚህ የተቆረጡትን ቅጂዎችም አስገቡ። በዚህ ትብብር ውስጥ የሌሉ ድረ ገጾች ላይ ደግሞ ምንም አያደርግም።

አሜሪካ ውስጥ በግንቦት 2025 የተፈረመው ሕግ ያለፈቃድ የወጣ የግል ምስል፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራውንም ጨምሮ፣ ተገቢ ጥያቄ በቀረበ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲነሳ ያዛል፤ መድረኮቹ ሥርዓቱን እንዲዘረጉ አንድ ዓመት ተሰጥቷቸዋል። ሌላው መንገድ የቅጂ መብት ነው፦ ራሳችሁ ያነሳችሁት ሰልፊ አብዛኛውን ጊዜ የእናንተ ሥራ ነው፣ ሌላ ሰው ያነሳው ግን አይደለም። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የአመልካቹ ስም ለለጣፊው ሊደርስ ይችላልና የሚያስፈራራ ሰው ባለበት ጉዳይ አልመክረውም።

አወያይ_ለ

በግሩፕ አስተዳዳሪነት በኩል የምለው አለ። «ሺህ ሰው ሪፖርት ያድርግ» የሚለው ዘመቻ ልጥፉን አያስነሳም። ገምጋሚው የሚያየው ልጥፉ የትኛውን ደንብ እንደጣሰ ነው፤ አንድ በትክክለኛው ምድብ የገባ ሪፖርት «አልወደድኩትም» ከሚሉ ሺዎች ይበልጣል። በስማችሁና በፎቷችሁ የተከፈተ አካውንት ከሆነ «ማንነትን ማስመሰል» ነው፣ «ሐሰተኛ ዜና» አይደለም። አድራሻችሁ ከወጣ «የግል መረጃ» ነው። ገምጋሚው ቋንቋውን ላያውቅ ይችላል፤ የማብራሪያ ሳጥን ካለ የሚጎዳውን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ጥቀሱና ትርጉሙን አክሉ። ስድቡ በቅኔ ወይም በአሽሙር ከሆነ ሰሙን ከወርቁ ለይታችሁ ካላሳያችሁት ያልፈዋል።

በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ነው። ጥቆማው ትክክለኛውን ሊንክና ምክንያቱን ከያዘ መድረኩ ውሳኔውን ለጠቋሚው ማሳወቅ አለበት፤ ትልልቆቹ መድረኮች ላይ ውሳኔው ካልጣማችሁ ስድስት ወር የቅሬታ ጊዜ አለ።

አስተዳዳሪዎችም «እኔ አልጻፍኩም» ብለው አይቀመጡ። የአውሮፓ ሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2015 በኢስቶኒያው ዴልፊ ጉዳይ የዜና ገጹ ሳያነሳቸው ለቆዩ የጥላቻ ኮሜንቶች መጠየቁን አጽድቋል፤ በ2023 ደግሞ በፌስቡክ ገጹ ላይ ሌሎች የጻፉትን ያላነሳ አንድ የፈረንሳይ ፖለቲከኛ መቀጣቱን። እኔ የምመክረው ወዲያው መደምሰስ አይደለም፦ መጀመሪያ ከሕዝብ መደበቅ፣ ቅጂውን ከነሊንኩ መያዝ፣ ከዚያ ማንሳትና በአስተዳዳሪዎች መዝገብ ላይ ማን እንዳነሳው መጻፍ።

ጠያቂ_12

ልጥፉ ከተነሳ በኋላም ስሜ ሲፈለግ ርዕሱ ጉግል ላይ ይመጣል። ይህስ?

ችሎት

ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ምንጩ በእርግጥ ከጠፋ፣ የቀረው የጉግል አሮጌ ቅጂ ነው፤ «ጊዜው ያለፈበትን ይዘት አድስ» የሚል ቅጽ አለው፣ ሊንኩን አስገብታችሁ ትጠይቃላችሁ። ምንጩ ገና ካለና ድረ ገጹ አላነሳም ካለ፣ በአውሮፓ ኅብረት የመረሳት መብት የሚባለው ይመጣል። መነሻው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 የሰጠው ፍርድ ነው፦ አንድ ስፔናዊ በ1998 ጋዜጣ ላይ ስለ ዕዳው የወጣ የሐራጅ ማስታወቂያ ስሙ በተፈለገ ቁጥር እየመጣ አስቸገረው፤ ፍርድ ቤቱ ጉግል ከስሙ ፍለጋ ሊንኩን ያውጣ አለ። ጋዜጣው ገጹን እንዲያነሳ አልታዘዘም። ሰዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፤ ገጹ አለ፣ በሌላ ቃል ሲፈለግ ይመጣል፣ በስም ሲፈለግ ነው የማይመጣው። በ2019 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት ጉግል በመላው ዓለም እንዲያወጣ የኅብረቱ ሕግ አያስገድድም ብሏል። መልስ የሚሰጥበት ጊዜ በመሠረቱ አንድ ወር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ምንጩን፣ ቀጥሎ የፍለጋ ውጤቱን።

ማንሻ

ሌላም አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ተበዳዩ ራሱ «እዩ ምን እንደጻፈብኝ» ብሎ ስክሪንሹቱን ሲለጥፍ ያላየው ሁሉ ያየዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ባርብራ ስትራይሳንድ የቤቷ የአየር ፎቶ ከድረ ገጽ ይወገድ ብላ ስትከስ ፎቶው እስከዚያ ድረስ የወረደው ስድስት ጊዜ ብቻ ነበር፣ ከነዚያም ሁለቱ በራሷ ጠበቆች። የክሱ ወሬ በወጣ በአንድ ወር ውስጥ ከ420,000 በላይ ሰው ገጹን ጎበኘ።

ለጣፊውን በሕዝብ ማደንም አይገባም። በ2013 ከቦስተን ማራቶን ፍንዳታ በኋላ የሬዲት ተጠቃሚዎች ፎቶ እያነጻጸሩ «አገኘነው» ያሉት ንጹሕ ተማሪ ነበር፤ ቤተሰቡ ላይ የወረደው ዛቻ ከባድ ነበር፣ ድርጅቱም በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ከሐሰተኛ አካውንት ጀርባ ያለው ፎቶ የሌላ ተበዳይ ፎቶ ሊሆን ይችላል።

ዶሴ

ሁሉንም ተቀብያለሁ፤ የሃሽ64ን የልጆች ማስጠንቀቂያ ከመጀመሪያው ጽሑፌ አናት ላይ አስገባዋለሁ። ማንሻ ያለውን ግን በአንድ ነገር ላስተካክል፦ ዝም በሉ ማለት አይደለም። ለቀጣሪ፣ ለቤተሰብ፣ ጉዳዩ ለሚነካው ሰው በግል አንድ አጭር መልእክት መላክ ይቻላል፣ ሊንኩን ሳያያይዙ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይነግራቸው።

ለጠያቂ_12፣ የመዝገቡ አንድ መስመር ይህን ይመስላል፦

«ምስል 03። የልጥፉ ሊንክ፣ የአካውንቱ መለያ ቁጥር። የተነሳው በ14፡05፡32፣ ዩቲሲ ሲደመር 3። በራሴ ላፕቶፕ፣ በፋየርፎክስ። ከምስል 02 ይቀጥላል፣ ሁለት መስመር ይደገማል። ሻ-256 ተያይዟል። በዚያው ቀን ለጠበቃ በኢሜይል ተልኳል። ሪፖርት የተደረገው በ15፡20፣ ምድብ ማንነትን ማስመሰል፤ የሪፖርቱ ቁጥር ተቀምጧል።»

የሪፖርቱን ቁጥር አትርሱ። ልጥፉ ተነስቶ ከሦስት ቀን በኋላ ሲመለስ፣ እንደ አዲስ ከመጀመር ይልቅ በዚያው ቁጥር ነው የሚቀጠለው።